በሟች ስም ፋውንዴሽን ከማቋቋም በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ሰው የሞተበት ቤት ለቅሶው ጋብ ሲል «በስሙ አንድ ነገር እናድርግ» የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚነሣው በአርባው ሰሞን ነው። ዘመድ ተሰብስቧል፣ ከውጭ የመጣው ገና አልተመለሰም፣ የሥራ ባልደረቦች ያዋጡት ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ ተቀምጧል። በዚያ ሳምንት የሚባለው ነገር ማን ምን ያህል ዓመት ምን እንደሚሸከም የሚወስን ነው። ስለዚህ በአርባው ቀን ኮሚቴ መርጦ ገንዘቡን በሥርዓት ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። ምን እንደሚሠራበት እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ቀስ ብሎ መምከር ይቻላል። በሐዘን ትኩሳት የታወጀ ፋውንዴሽን ስንቱን ቤተሰብ አጣልቷል።

በሟች ስም መስጠት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ተዝካር ላይ ነዳያን ይበላሉ፣ በሙስሊሙ ቤት ሰደቃ ይወጣል፣ አቅም ያለው ደግሞ ቤት ወይም ሱቅ ወቅፍ ያደርጋል፤ ገቢው ለዘለቄታው ለበጎ ሥራ ይውል ዘንድ ይሰጠዋል ማለት ነው። በኢየሩሳሌም በነቢያት ጎዳና እና በኢትዮጵያ ጎዳና አካባቢ ከእቴጌ ጣይቱ ዘመን ጀምሮ በኢትዮጵያ መኳንንትና ነገሥታት የተሠሩት ቤቶች ኪራያቸው የሀገራችንን መነኮሳት እንዲደግፍ የታሰበ ነበር። ለሰጪው ነፍስ መታሰቢያ፣ ለተቀባዩ ደግሞ በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ማለት ነው። የዛሬ ፋውንዴሽኖች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ይኸው ነው፤ ስም፣ አርማና የፌስቡክ ገጽ አላቸው፣ ገቢ የላቸውም።

የስሙም ጉዳይ ከሚታሰበው በላይ ጥንቃቄ ይሻል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ተመለሱ፤ በ1942 እ.ኤ.አ. በ22 ዓመታቸው ነቀምት ላይ አረፉ። መታሰቢያ ሆስፒታል ይሠራላቸው ዘንድ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ ውስጥ ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ሆስፒታሉም አዲስ አበባ ላይ በ1951 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ሥራው ዛሬም አልቆመም፣ ሕመምተኛ ይታከምበታል፤ ዛሬ የሚታወቀው ግን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሎ ነው። ለንጉሥ ልጅ የቆመ መታሰቢያ ይህ ከደረሰበት፣ ለአንድ ትምህርት ቤት «በአባታችን ስም» ክፍል ሠርቶ የሚያስረክብ ቤተሰብም ስሙ እስከ መቼ እንደሚቆይና ክፍሉ ቢፈርስ ወይም ለሌላ አገልግሎት ቢውል ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ መዋዋል አለበት። በቃል የተባለ ነገር ርእሰ መምህሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በጣም የሚመረጠው ሥራ ተማሪ መርዳት ስለሆነ እሱን እንውሰድ። አንድ ቤተሰብ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚማሩ የገጠር ልጆችን ሊደግፍ አሰበ እንበል። ለአንድ ልጅ በዓመት 12,000 ብር ቢመደብና በየዓመቱ 5 ልጅ ቢጨመር፣ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ 60,000 ብር ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያሰላዋል። በ4ኛው ዓመት ግን አራቱም ክፍል ሞልቶ የተማሪው ቁጥር 20 ይደርሳል። ዋጋ በዓመት በ15 በመቶ ቢጨምር የአንዱ ልጅ ወጪ ወደ 18,250 ብር ስለሚያድግ በ4ኛው ዓመት የሚያስፈልገው 365,000 ብር ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት 6 እጥፍ። መዋጮው ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሁሉም ሰው ይሰጣል፣ በ3ኛው ዓመት የሚቀሩት የቅርብ ቤተሰቦች ናቸው። ብዙዎቹ በሟች ስም የተጀመሩ የተማሪ ድጋፎች 3ኛው ዓመት ላይ የሚሰበሩት የሚያድገው ወጪና የሚቀንሰው መዋጮ እዚያ ላይ ስለሚተላለፉ ነው። የሚጎዳው ደግሞ 11ኛ ክፍል ላይ ድጋፉ የተቋረጠበት ልጅ ነው።

«ገንዘቡን ባንክ እናስቀምጥና በወለዱ እንሥራ» የሚለው መልስም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። በ7 በመቶ ብናሰላ 1 ሚሊዮን ብር በዓመት 70,000 ብር ያስገኛል። በዚህ ገንዘብ በየዓመቱ 5 ሳይሆን 1 ልጅ ብቻ ብንጨምርና የተረፈውን ወለድ ወደ ዋናው ብንመልስ እንኳ፣ ዋጋ በዚያው 15 በመቶ ከጨመረ በ5ኛው ዓመት የ4ቱ ልጆች ወጪ ወለዱን ማለፍ ይጀምራል። ዋናው ገንዘብ ደግሞ ቁጥሩ ባይቀንስም የመግዛት አቅሙ በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ለዘለቄታው የሚታሰብ መታሰቢያ ከቁጠባ ደብተር የተሻለ ምንጭ ያስፈልገዋል፤ የሚከራይ ሱቅ ወይም ቤት፣ የትርፍ ድርሻ የሚከፍል አክሲዮን፣ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ፣ ወይም ከባንክ ጋር በድርድር ከፍ ያለ ወለድ የሚታሰብበት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ። ይህ ሁሉ ከሌለ ደግሞ ሌላ ሐቀኛ መንገድ አለ፤ የጊዜ ገደብ ማስቀመጥ። «በእናታችን ስም ለ8 ዓመት፣ በድምሩ 5 ልጆችን 12ኛ ክፍል እናደርሳለን» ብሎ መጀመርና ጨርሶ መዝጋት ይቻላል። ይህ መንገድ ከሚገባው በታች ይከበራል፤ ለብዙ ቤተሰብ የሚስማማው ግን እሱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የራስ ድርጅት ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ቀድሞ የተመዘገበና በመስኩ የሚሠራ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ በሟች ስም የተለየ ሒሳብ ማስከፈት ይቻላል። ስምምነቱ ላይ ገንዘቡ ለምን ብቻ እንደሚውል፣ ድርጅቱ ለአስተዳደር ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ሪፖርት በየስንት ወሩ እንደሚቀርብ፣ ድርጅቱ ቢዘጋ ገንዘቡ ወዴት እንደሚተላለፍ ይጻፋል። ሟቹ መምህር ወይም ተመራማሪ ከነበረ ከዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍል ጋር በስሙ ዓመታዊ ሽልማት መመሥረት ይቻላል። እዚያም ቢሆን አሸናፊውን ማን እንደሚመርጥ፣ ትምህርት ክፍሉ ከሌላው ጋር ቢዋሐድ ምን እንደሚደረግ ካልተጻፈ ሽልማቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሰጥቶ ይረሳል።

የራስ ድርጅት ያስፈልጋል ከተባለ ሕጉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ላይ የሚቋቋም፣ ወይም ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ድርጅት የሚመዘገበው በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው፤ በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራው በክልሉ ሕግ ይመዘገባል። በአዋጁ ውስጥ ለመታሰቢያ የሚሆኑ ከአንድ በላይ ቅርጾች አሉ፣ ልዩነታቸውን ሳያዩ መመዝገብ ኋላ ያስቸግራል። በቦርድ የሚመራ ድርጅት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መሥራቾች ይበቁታል፣ ከሰው ገንዘብ እያሰባሰበ ለሚሠራ ቤተሰብ የሚመቸው እሱ ነው። ማኅበር ግን ቢያንስ 5 አባላት ይፈልጋል፤ አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ስለሚወስኑ የቤተሰቡ ሐሳብ በድምፅ ሊሻር ይችላል። ኢንዶውመንት የሚባለው አንድ ንብረት በስጦታ ወይም በኑዛዜ ተመላሽ በማይሆን መልኩ ለበጎ አድራጎት ብቻ ሲመደብ የሚፈጠር ነው። ቤት ወይም ሱቅ ያለው ሟች ካለ ማየት ያለባችሁ ይህን ነው። ለአንድ ጊዜ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ደግሞ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ሊያቋቁሙ ይችላሉ፤ ለዚህም የባለሥልጣኑ ዕውቅና ያስፈልጋል።

ለምዝገባ የሚቀርበው የመሥራቾች ቃለ ጉባኤ፣ በሁሉም የተፈረመ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሥራቾች መታወቂያና አድራሻ፣ የድርጅቱ ስም፣ ዓላማ፣ የሚሠራበት ቦታና አርማ ካለ አርማው ነው። ስሙ ከተመዘገበ ሌላ ድርጅት ስም ጋር መመሳሰል ስለሌለበት አማራጭ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ «የአበበ መታሰቢያ» የሚል ስም ሳይያዝ የመገኘቱ ዕድል ጠባብ ነው፣ ከነአባት ስምና ከሥራው ጋር ቢሆን ይሻላል። አዋጁ ባይጠይቅ እንኳ የሟቹ ወራሾች ሁሉ ስሙንና ፎቶውን ለድርጅቱ መጠቀም እንደተስማሙ በጽሑፍ ያስፈርሙ። ከሁለት ትዳር ልጆች ያሉ እንደሆነ ይህ ወረቀት ከሌላው ሰነድ ሁሉ ይበልጣል።

ቤት ለመስጠት ለሚያስብ አንድ ነገር ጠንክሮ መነገር አለበት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2443 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ የሚጸናው በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም ከተደረገ ብቻ ነው። ሰነዱ በሰጪውና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ይህ መፈጸሙና ቀኑ በሰነዱ ላይ ይጻፋል፣ ሰጪውና ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ያለው ሰው በሥራው ላይ ሆኖ ከተገኘ 2 ምስክር ይበቃል። «ለፋውንዴሽኑ ሰጥተናል» የሚል ተራ ውል ተፈራርመው ዓመታት የሠሩበት ቤት፣ አንድ ወራሽ ክስ ሲመሠርት በቀላሉ ሊመለስ ይችላል። ቤቱ በሟቹ ስም እያለም ማንም ሊሰጠው አይችልም፤ መጀመሪያ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ከዚያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ከዚያ የስም ዝውውር፣ ስጦታው ከዚያ በኋላ። ይህ ብቻውን ወራት ስለሚፈጅ የምረቃ ቀን አስቀድሞ መቁረጥ አይገባም።

ትንንሽ ፋውንዴሽኖችን የሚያስጨንቀው ሌላው የአዋጁ ድንጋጌ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ ነው። ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የቆመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ ማስታወቂያ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ የባንክ አገልግሎት ሁሉ በዚህ ውስጥ ናቸው። በዓመት 300,000 ብር የሚያገኝ ድርጅት ለዚህ ሁሉ ያለው 60,000 ብር፣ በወር 5,000 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ቢሮ ተከራይቶ ሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር አይሞከርም። ቤተሰቡ ቢሮውን በነፃ ካልሰጠ፣ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ዘመድ መዝገቡን በነፃ ካልያዘ በስተቀር የመጀመሪያው ዓመት ኦዲት ላይ ጥያቄ ይነሣል። የበጀት ዓመቱ በተዘጋ በ3 ወር ውስጥ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ማቅረብ ግዴታ ስለሆነ ይህን የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነ ከምዝገባው በፊት በስም መታወቅ አለበት። «ሁላችንም እንረዳዳለን» የሚል መልስ ከተሰጠ ሠሪ የለም ማለት ነው።

ቦርዱን በቤተሰብ ብቻ አትሙሉት። እኅት ሰብሳቢ፣ ወንድም ሥራ አስኪያጅ፣ የአጎት ልጅ ገንዘብ ያዥ በሆነበት ቤት «ደረሰኙ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ሥራ አስኪያጁ ከቦርዱ ጋር ዝምድና የሌለው ቢሆን፣ ቢያንስ ሁለት የቦርድ አባላት የሟቹ ባልደረባ ወይም በመስኩ የሚሠሩ ባለሙያዎች ቢሆኑ፣ ለቤተሰብ አባል የሚደረግ ማንኛውም ድጋፍ በደንቡ ቢከለከል ጠብ ይቀንሳል። የተቸገረ የእኅት ልጅ መኖሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እሱን ቤተሰቡ ከኪሱ ይርዳው።

ድርጅቱ እስኪመዘገብ ድረስ የተዋጣው ገንዘብ በአንድ ሰው የግል ሒሳብ መቀመጥ የለበትም። በ2 ወይም በ3 ሰዎች የጋራ ፊርማ ብቻ የሚወጣበት ሒሳብ ይከፈት፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ገንዘቡ እንዳይታሰር ከሦስቱ ሁለቱ ቢፈርሙ የሚበቃ ይሁን። የሰጪው ስም፣ መጠኑና ቀኑ ተመዝግቦ በየ3 ወሩ ለሰጪዎች በቴሌግራም ይላክ። ይህ ትንሽ ሥራ በሁለተኛው ዓመት ማን እንደገና እንደሚሰጥ ይወስናል።

ድጋፉ ራሱ የሚበላሽባቸው ቦታዎችም የታወቁ ናቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለማያስከፍል የገጠሩን ልጅ ከትምህርት የሚያስቀረው ክፍያ አይደለም፤ 9ኛ ክፍል ለመማር ወረዳው ከተማ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን በየሳምንቱ ከቤት ይዞ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ቦርሳና ደብተር አድሎ ፎቶ ከመነሣት የቤት ኪራዩን መክፈል፣ ለሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ ማቅረብ ይበልጥ ይይዛቸዋል። የዓመቱን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለወላጅ ከመስጠት በየወሩ በቴሌብር መላክ ይሻላል፤ በሰኔ የተሰጠ ገንዘብ መስከረም ላይ የለም። ምርጫውን የትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት በውጤትና በችግር መስፈርት ያቅርብ፤ ቤተሰቡ መስፈርቱን ያጽድቅ እንጂ ስም አይጥራ። ልጆቹንም በሟቹ ፎቶ ፊት አሰልፎ ማስጨብጨብ ይቅር፤ የእርዳታ ተማሪ መባልን ክፍል ውስጥ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

ቤተ መጻሕፍት በሟች ስም ሲከፈት መጽሐፉ ይገኛል፣ የሚጠፋው ቁልፍ የሚይዝ ሰው ነው። ለሠራተኛው የ3 ዓመት ክፍያ ሳይያዝ መደርደሪያ መግዛት አያዋጣም። ለሆስፒታል መሣሪያ መስጠት ደግሞ ሟቹ በሕመም ሲያልፍ በተለይ ልብን ይስባል። መጀመሪያ የሆስፒታሉን የባዮሜዲካል ክፍል፣ ማለትም የሕክምና መሣሪያዎችን የሚጠግነውን ክፍል፣ ጠይቁ፤ መጋዘኑ ውስጥ በመለዋወጫ እጦት የቆመ መሣሪያ ይኖራል፣ እሱን ማስጠገን ከአዲሱ በረከሰ ዋጋ ብዙ ሰው ያድናል። ከአሜሪካ የሚላክ መሣሪያ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የላቦራቶሪ መሣሪያ ከሆነ የሚሠራበት ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) እዚህ እንደሚሸጥ ሳያረጋግጡ መላክ ብረት መላክ ነው። የተቀባዩ ሆስፒታል ደብዳቤ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድና የቀረጥ ነፃ ወረቀት ሳያልቅ የተጫነ ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ቆሞ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል።

አሜሪካ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነገሩ ሁለት አገር ላይ ይሠራል። የአገር ውስጥ ድርጅት የሚባለው በኢትዮጵያውያን፣ በኢትዮጵያ በሚኖሩ የውጭ ዜጎች ወይም በሁለቱ የተመሠረተ ነው፤ ዜግነት ቀይሮ ውጭ የሚኖር ሰው መሥራች ከመሆኑ በፊት ባለሥልጣኑን ይጠይቅ። አሜሪካ ላይ ለብቻ የሚመዘገብ ከሆነ መጀመሪያ በስቴቱ ይቋቋማል፣ ከዚያ የታክስ ቁጥር ይወጣል፣ ከዚያ ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ከታክስ ነፃ የሚያደርገው የ501(ሐ)(3) ማመልከቻ ይገባል፤ በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ ገቢ የማይጠብቅና ከ250,000 ዶላር በላይ ንብረት የሌለው አጭሩን ቅጽ በ275 ዶላር ማቅረብ ይችላል፣ ረጅሙ 600 ዶላር ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከአንድ ቤተሰብ ብቻ ከሆነ ድርጅቱ የግል ፋውንዴሽን ይሆናል። ያኔ በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ያህል ማከፋፈል፣ ከኢንቨስትመንት ገቢው 1.39 በመቶ ታክስ መክፈል፣ ለግለሰብ ተማሪ ከመስጠቱ በፊት የአይአርኤስን ፈቃድ ማግኘት ግዴታው ነው። ከቤተሰቡ አባል ጋር መገበያየት ክልክል ነው፤ የራስን ቤት ለፋውንዴሽኑ ማከራየት እንኳ አይቻልም። ገቢዋ ከ50,000 ዶላር የማያልፍ ትንሽ ድርጅት የግል ፋውንዴሽን ካልሆነች በቀር በየዓመቱ የምትሞላው አጭር የኤሌክትሮኒክ ካርድ ብቻ ነው፤ 3 ዓመት በተከታታይ ከቀረ ግን ከታክስ ነፃ የመሆን መብቷ በራሱ ይሰረዛል። ብዙ የሐበሻ መታሰቢያ ድርጅቶች የሚጠፉት በዚህ ነው። በጎፈንድሚ (በኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ) የተሰበሰበ ገንዘብም በቀጥታ ኢትዮጵያ ባንክ ስለማይገባ አሜሪካ የሚቀበለው ሰው ታክሱንና ማስረጃውን ከመጀመሪያው ማሰብ አለበት።

በሁለቱም አገር መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የመዝጊያ አንቀጽ አይዘለል። የተረፈ ንብረት ወደ ቤተሰቡ አይመለስም፤ ለተመሳሳይ ዓላማ ለቆመ ሌላ ድርጅት ይተላለፋል። ያ ድርጅት ማን እንደሆነ ዛሬ ጠይቃችሁ፣ ፈቃዱን አግኝታችሁ ስሙን ደንቡ ላይ አስፍሩት። በትምህርት ላይ ያሉት ልጆች እስኪጨርሱ የሚበቃ ገንዘብም ከመዝጋቱ በፊት ተለይቶ ይያዝ።